ጋሽ ሸምሱ የሠሩት የቤዝ ሳጥን

የጋሽ ሸምሱን ሞት የነገረኝ ጎሮ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ያገራቸው ሰው ነው። ዕቃ ሊጭን ሮቤ መጥቶ በሱቄ በር ሲያልፍ አየኝና ጎራ አለ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን፣ ዘንድሮ ስንዴው እንዴት እንደያዘ አነሳን። ሊሄድ ተነስቶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ዞር አለና፣

«ለመሆኑ የሸምሱን ማረፍ ሰምተሃል?» አለኝ።

«ጋሽ ሸምሱ? አናጢው?»

«አናጢው። ሦስት ሳምንት አለፈው። ታሞ ነበር፤ ብዙም አልቆየ። አላህ ይዘንለት።» ፊቴን አየት አድርጎ፣ «ትቀራረቡ ነበር አይደል? የሰማህ መስሎኝ እኮ ነው» አለ።

«እንቀራረብ ነበር» አልኩት።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ የፈታሁትን አምፕሊፋየር መልሼ ሳልገጥም ሱቁን ዘጋሁ። ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም። ስሄድ ስሄድ ከገበያው ጀርባ ካለው የአናጢዎች ተርታ ደረስኩ። እሳቸው ይሠሩበት የነበረው ክፍል አሁን የወፍጮ መለዋወጫ ይሸጥበታል። ሻጩ «ምን ልስጥህ?» ሲለኝ፣ «ምንም፣ ላይ ብዬ ነው» ብዬ ተመለስኩ።

ወደ ሮቤ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርዱ ለኔ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነብኝ ቋንቋው ነው። አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በትንሽ ሱቅ የመኪና ስፒከርና አምፕሊፋየር እገጥማለሁ። ባሌ ውስጥ ይህ ሥራ አይጠፋም። አዝመራ ሲደርስ የኮምባይነር ሹፌሮች ይመጣሉ፤ እህሉ ከገባ በኋላ የሠርጉ ወራት ነው፤ በሠርጉ ወራት ደግሞ ፒክአፕ ያለው ሰው ሁሉ መኪናው ከሌላው መኪና በላይ እንዲያንጎደጉድለት ይፈልጋል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የቤዝ ስፒከር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ብቻውን ዋጋ የለውም። ድምፁን የሚሰጠው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ድፍን ሊሆን ይችላል፤ ወይም አየር የሚወጣበትና የሚገባበት ቱቦ ይበጅለታል። ቱቦ ያለው ሳጥን ድምፁ ይወፍራል፣ ርቆም ይሄዳል፤ ነገር ግን ቱቦው በስፋቱም በርዝመቱም ከሳጥኑ ሆድ ጋር መመጣጠን አለበት። ካልተመጣጠነ ወይ ድምፁ ይታፈናል ወይ አየሩ ያፏጫል። እኔ ሒሳቡን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። እንጨት መቁረጥ ግን አልችልም። አናጢ ሳፈላልግ ነው ሰዎች፣ «ሸምሱ ጋ ሂድ፤ እሱ ሳጥን ይችልበታል» ያሉኝ።

ያኔ ጋሽ ሸምሱ ሃምሳን ያለፉ ሰው ነበሩ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጡኛል። አገራቸው ወራቤ አካባቢ ነው። በወጣትነታቸው ሮቤ መጥተው በር፣ መስኮት፣ አልጋ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እዚያው አገራቸው ናቸው፤ እሳቸው በዓመት ሁለቴ ሄደው ይመለሳሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን ከኮፍያቸው ጠርዝ ሥር ይሰኩታል። ከደንበኛ ጋር ኦሮምኛውን ከስልጤ አነጋገራቸው ጋር እየቀላቀሉ ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ይስቅላቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ሰው ሲያናግራቸው ሥራቸውን አቁመው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ዓይናቸው ካፍህ ላይ አይነሳም። መዶሻ በእጃቸው ቢኖር ያስቀምጡታል። በዚህ ዘመን ሰው ስልኩን እየነካካ ነው የሚሰማህ፤ እሳቸው ግን ስለ አንድ ማጠፊያ እንኳን ስታወራቸው ኑዛዜ እንደሚቀበል ሰው ነው የሚያዳምጡህ። እኔ ይህን ትልቅ አክብሮት አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ከጀርባ ጠርቼያቸው ሳይመልሱልኝ ሲቀሩ ደግሞ ሥራ ይዟቸው ነው እላለሁ።

ሁለት ዓመት ያህል አብረን ሠራን። እኔ ልኩን እሰጣለሁ፣ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ ስፒከሩን እገጥማለሁ። ሳጥኑ ሲያልቅ የሚያደርጉት ነገር ነበር። ዘፈን አስከፍተው ላዩ ላይ ሰጋቱራ ይበትናሉ። ሰጋቱራው የሚዘልበትን ቦታ በእርሳስ ያከብቡታል፤ ከዚያ ፈተው በውስጥ በኩል ያን ቦታ በጣውላ ይደግፉታል። ሌላም አለ፦ ቀጭን የጣውላ ቁራጭ በጥርሳቸው ነክሰው ጫፉን ሳጥኑ ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። «ምን እያደረጉ ነው?» ስላቸው፣ «እያናገርኩት ነው» ይሉኛል። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ እኔ ራሴ መኪና ገዛሁ፤ ያረጀች ባለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ። ሠርግ ላይ በድምፅ ላከራያት አስቤ ነው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሳጥኑ ቀጭንና ረጅም መሆን ነበረበት። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁና ሥዕሉን በማስመሪያ አሳምሬ ይዤላቸው ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ካዩ በኋላ አስቀመጡትና ወደ መኪናው ሄዱ። ጎረቤት ካሉት ብረት በያጆች ሦስት ሰዎች ጠሩ።

«ኑ እስቲ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጡልኝ። ደልደል በሉ እንጂ፣ እንግዳ አትሁኑ!»

ሰዎቹ እየሳቁ ተቀመጡ። ጋሽ ሸምሱ ከወንበሩ ጀርባ እጃቸውን አስገብተው ለኩ።

«መምህር፣ ና ተመልከት። አንተ የለካኸው ባዶ ወንበር ነው። ሰው ሲቀመጥበት አራት ጣት ወደ ኋላ ይመጣል። መተንፈሻውን በዚህ በኩል ካወጣነው ወንበሩ ያፍነዋል።»

ቱቦውን «መተንፈሻ» ነበር የሚሉት። ይህንን ተቀበልኩ፤ መተንፈሻው ወደ ጎን ዞረ። ሁለተኛውን ግን አልቀበል አልኩ። ቱቦው በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጫፉ ከጎኑ ጣውላ ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል።

«ይሄ ይጠበዋል» አሉኝ። «አየሩ ከቱቦው ወጥቶ የሚዞርበት ያጣል። ቢያንስ መዳፍ ይግባበት።»

«ርዝመቱን ካሳጠርነው ሒሳቡ ይፈርሳል፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«አናሳጥረው። እንጠፈው።»

«ወረቀቱ ላይ እንዳለው ይሥሩልኝ» አልኩ። የአስተማሪ ድምፄ ነው የወጣው። ሦስቱ በያጆች እየሰሙ ነበር።

አፌን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳልኩት ሠሩት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሳያዛንፉ። ገጠምኩ፣ ከፈትኩ፣ ድምፁን ጨመርኩ። ቤዙ በመጣ ቁጥር የተበሳ ጎማ የሚተነፍስ ይመስል «ሽሽሽ» የሚል ነገር ከሥሩ ይወጣል። ድምፁን ቀነስኩና መልሼ ጨመርኩት፤ ያው ነው። ጋሽ ሸምሱ መዳፋቸውን ከመተንፈሻው ፊት ለፊት ይዘው ትንሽ ቆዩና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ ጣውላ የተሠራ፣ እንደ ክርን የታጠፈ መተንፈሻ በእጃቸው ነበር። ቀድመው ሠርተው አስቀምጠውታል። ኮላው ደርቋል።

«መቼ ሠሩት?» አልኳቸው።

«ወረቀትህን ባመጣህ ማግስት።»

«ታዲያ ለምን ቀድመው አላሳዩኝም?»

«ሰው ፊት ተናግረህ ነበር፤ ቃልህን ላስመልስህ አልፈለግኩም» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው ያፈሩት ለኔ ነበር።

አዲሱ ሲገባ ሳጥኑ ሌላ ሆነ። ድምፁ ጆሮ ሳያስጨንቅ በወንበሩ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። በዚያው ከሰዓት በኋላ ልንሞክረው ወደ ጎባ አብረን ወጣን። መስኮቱን ከፍተን፣ ግራና ቀኝ ስንዴው እየተኛና እየተነሳ፣ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው ፈገግ እንዳሉ ነበር። ጎባ ልንገባ ስንል ከኋላ በኩል ታርጋው ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ይሰማዎታል?» አልኩ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ። አልመለሱልኝም።

ዳር ይዤ ቆምኩና ወረድን። የታርጋው ብሎን ላልቷል። ጋሽ ሸምሱ ሊያዩት ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሉ ወደ አስፋልቱ ገቡ። ቁልቁል የሚመጣ የጭነት መኪና ክላክሱን ሳያቋርጥ እየነፋ ነበር። ለመንገዱ ሁሉ የሚሰማ ክላክስ ነው። እሳቸው ብሎኑን እያዩ ናቸው። ጮህኩ። አልዞሩም። በጋዋናቸው ጨብጬ ጎተትኳቸውና ሁለታችንም ሣሩ ላይ ወደቅን። መኪናው ከአቧራው ጋር አለፈ።

ኮፍያቸው ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ሰጠኋቸው። ጋሽ ሸምሱ አቧራውን እያራገፉ፣

«አወቅክብኝ» አሉኝ።

ቀኝ ጆሯቸው በልጅነታቸው መግል ይዞ ነው የጠፋው። ግራው ደግሞ በማሽን ድምፅ ብዛት ዓመት በዓመት እየቀነሰ ሄዷል። ሰው የሚለውን የሚያውቁት አፉን አይተው ነው። ሦስት ቋንቋ፣ በሦስቱም ካፍ ላይ ያነብባሉ። ጣውላውን በጥርሳቸው የሚነክሱትም ድምፁ በአጥንታቸው አልፎ እንዲገባላቸው ነበር።

«ቤዙን ግን ካንተ እኩል አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እሱ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚመጣ። በመዳፌ አገኘዋለሁ፣ ደረቴ ላይ አገኘዋለሁ። ትንሽ የተላቀቀ ጣውላ ካለ ጥርሴ ይነግረኛል። ስሰማ ከነበርኩበት ጊዜ አሁን ይሻለኛል ብልህ ታምናለህ?»

«አምናለሁ።»

«ሰው ግን አያምንም።» ወደኔ ዞረው ክንዴን ያዙኝ። «መምህር፣ ለማንም እንዳትናገር። የበርና የመስኮቱ ሥራ እየቀነሰ ነው፤ ሁሉም ብረት ያሠራል። ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ሳጥን ነው። የማይሰማ ሰው የድምፅ ሳጥን ይሠራል ከተባለ አለቀልኝ።»

«ወላሂ በል ይበሉኝና ልማልልዎት» አልኩ ለማሳቅ።

«አትማል። አትናገር ብቻ።»

ስምንት ወር ያህል አልተናገርኩም።

በዚያ ዓመት የሠርግ ወራት ፒክአፔ ስሟ ወጣ። ጎሮ ሄድን፣ ጎባ ሠራን፣ ሮቤ ውስጥማ ሙሽራ የሚያጅቡ ባጃጆች ከኋላዋ ይሰለፉ ነበር። አንድ እሑድ አጋርፋ ለሠርግ ተጠራሁ። ድንኳን፣ ወንበርና ድምፅ የሚያከራይ አማን የሚባል ሰው እዚያ ነበር። አጋርፋ ውስጥ ድግስ ያለ እሱ አይደገስም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሳይበርድ፣ ወንዶቹ በፒክአፔ ዙሪያ ቆመው ሲያዳምጡ አማን መጥቶ ኮፈኑን መታ መታ አደረገ።

«ይሄ እንዴት ያለ ድምፅ ነው? እኔ የሻሸመኔውንም የአዲስ አበባውንም አይቻለሁ። አራት ፒክአፕ አለኝ፤ ለአራቱም እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ። አዳራሽም እየሠራሁ ነው፤ ለሱም እንዲሁ። ሳጥኑን ማን ሠራው?»

መልሱ አጭር ነበር፤ «ጋሽ ሸምሱ፣ ሮቤ» ብል ያልቃል። ነገር ግን አሥር አሥራ አምስት ሰው ዙሪያዬን ቆሞ እያየኝ ነው። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ስሌቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ መኪናውም የኔ ነው።

«ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል» አልኩ። «ሒሳቡ ነው ዋናው። እንጨቱን የሚቆርጥልኝ አንድ አናጢ አለ።»

«ሸምሱ አይደለም እንዴ?» አለ ከሰዎቹ አንዱ። «እኔ የማውቀው ሳጥኑን የሚያወጣው እሱ ነው።»

ያኔ ነው ያልኩት። የደነገጥኩ ይመስለኛል፤ ውሸቴ ሊያዝብኝ ስለነበር።

«እሱ እንዴት አድርጎ ያወጣዋል? ሰውየው እኮ አይሰማም። ሁለቱም ጆሮው አይሠራም። እኔ ልኩን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይቆርጣል።»

«እሱ» ነው ያልኩት። «እሳቸው» አላልኩም።

«ዹጉማ?» አለ አማን፤ «እውነት?» ማለቱ ነው። ከዚያ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። «የማይሰማ ሰው የድምፅ ሳጥን! ይሄን ለሰው ብነግር ውሸታም ይሉኛል!»

እኔም ሳቅኩ።

ከአጋርፋ ሮቤ ሩቅ አይደለም፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ የገባ ይመስለኛል። በሳምንቱ «ዱዳ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ በኦሮምኛ ዱዳ ማለት የማይሰማ ነው። ሰዎች ሊያሠሩ ሳይሆን ሊፈትኗቸው ይመጡ ጀመር። ከጀርባቸው ቆመው ይጠሯቸዋል፤ አልዞር ሲሉ ይተያያሉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። አንድ የኮምባይነር ባለቤት ጣውላው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ስፒከሩን ይዞ ሄደ። አማን ሥራውን ሁሉ አዲስ አበባ አዘዘ። ለጋሽ ሸምሱም ለኔም አልሰጠንም፤ «ነገሩ አላማረኝም» አለ አሉ። እኔ ባንድ ቃል የሁለታችንንም እንጀራ ነበር የቆረጥኩት፤ ልዩነቱ እኔ ደመወዝ ነበረኝ።

ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም። ከዚያ አንዱ በያጅ ፊት ለፊት ቆሞ ነገራቸው። በማግሥቱ ወደ ሱቄ መጡ። ከዚያ በፊት ሱቄ የመጡት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሁልጊዜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ጋዋናቸውን አውልቀው፣ ታጥበው፣ ኮት ለብሰው ነው የመጡት።

እኔ ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ ከፍቼ እየሠራሁ ነበር። በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«ይግቡ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ስለ ጆሮዬ የተናገርከው አንተ ነህ?»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። አይደለም ብላቸው የሚያምኑኝ ይመስሉ ነበር፤ እንዲያውም አይደለም እንድላቸው የፈለጉ ይመስለኛል። እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። እውነቱን መናገርም አቃተኝ። ዞርኩ። ከመደርደሪያው ላይ የሆነ ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና ለግድግዳው፣

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ያልኩትን ሊሰሙ እንደማይችሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት። እንደዚያ ከሆነ ያልዋሸሁ መስሎኝ ነበር።

መደርደሪያውን ስበረብር ቆየሁ። ብሎኖች አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ዞር ስል እዚያው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። መልሴን እየጠበቁ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እሺ» አሉ። «ደህና ዋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆዩ። በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ አይነሱኝም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። ከዚህ የባሰ ነገር አላውቅም። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። አንድ ረፋድ፣ አስተምሬ ስወጣ፣ ጋሽ ሸምሱ ወደ አገራቸው ሊገቡ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ እየጫኑ እንደሆነ አንድ ባልደረባዬ ነገረኝ። ከማሠልጠኛው እስከ አናጢዎቹ ተርታ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። ተመልሼ ክፍል ገባሁና የተማሪ ፈተና አረምኩ። ስንት ወረቀት እንዳረምኩ አላስታውስም፤ በኋላ ሳየው ግማሹን እንደገና ማረም ነበረብኝ።

አራት ዓመት አለፈ። ስደውልላቸው አይሰሙኝም እል ነበር። ይህ ምክንያት በጣም ተመችቶኝ ነበር። የማይሰማ ሰው በስልክ እንዴት ይቅርታ ይጠየቃል? አንድ ቀን በአካል እሄዳለሁ እል ነበር። ትምህርት ሲዘጋ፤ መኪናዋ ስትጠገን፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን። መኪናዋን በመጨረሻ ሸጥኳት። የገዛው ሰው የጎባ ነጋዴ ነው፤ ሳጥኑን አውጥቶ ቦታውን ለዕቃ መጫኛ አደረገው ሲባል ሰማሁ። ሳጥኑን ለምን አልጠየቅኩትም? እንጃ። ቤቴ ውስጥ ማየቱን ፈርቼ ይሆናል።

ሞታቸውን በሰማሁ በሁለተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ለለቅሶ ወጣሁ። ዶዶላን፣ ሻሸመኔን፣ ሀላባን አልፌ ወራቤ ስደርስ መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርኩ፤ ጠዋት እየጠየቅኩ ቤታቸው ደረስኩ። የለቅሶው ድንኳን ተነስቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ነፊሳ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አላወቁኝም። እንዴት ያውቁኛል?

«ከሮቤ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ከጋሽ ሸምሱ ጋር እንሠራ ነበር።»

«አጂብ! ይህን ያህል መንገድ? አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።» ውኃ አስመጡልኝ፣ ምግብ አስቀረቡልኝ። ጋሽ ሸምሱ እዚህ ከመጡ በኋላ በርና የቤት ዕቃ ይሠሩ እንደነበር አጫወቱኝ። የድምፅ ሳጥን ሠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የምን ሳጥን?» አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ ከመጡ ጀምሮ ስለዚያ ነገር አንስተውላቸው አያውቁም።

ያኔ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ የአጋርፋውን ሳቅ፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው፣ ሲሄዱ እንዳልወጣሁ። ወይዘሮ ነፊሳ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«በሕይወት እያለ ለምን አልመጣህም?»

«እደውላለሁ እልና አይሰሙኝም ብዬ…»

«ልጆቹ መልእክት ይጽፉለት ነበር እኮ» አሉኝ። «በስልኩ ያነባል፣ ይመልሳል። ሲያነብ ነው የሚውል። ቁጥሩንም አልቀየረም፤ ያው የሮቤው ነው።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቁጥራቸውም ስልኬ ውስጥ ነበር።

«ይቅር በሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?» አሉ፤ ክፋት አልነበረባቸውም። «እኔን አልበደልከኝም። የሱን እሱ ነው የሚያውቀው። ብላ አሁን፣ መንገድህ ሩቅ ነው።» በላሁ። አንድ ጉርሻ በወረደ ቁጥር ውኃ እጠጣ ነበር።

ሮቤ ከተመለስኩ በኋላ ሌላ የሚቀረኝ ሰው አማን ነበር። እሱ ጋ መሄድ ለጋሽ ሸምሱ የሚፈይድላቸው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያ የተናገርኩት ነገር እንደተናገርኩት እንዲቀር አልፈለግኩም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ አጋርፋ ሄድኩ። አማን መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ወንበር እያስጫነ ነበር። አዳራሹ አልቆ፣ ጣሪያው ያብረቀርቃል።

«መምህር! አካም ጅርታ? ጠፋህ እኮ!» ብሎ ጨበጠኝ።

«አማን፣ አንድ ጊዜ እዚህ ሠርግ ላይ ስለ ፒክአፔ ሳጥን የነገርኩህ ውሸት ነው። ሒሳቡም ሥራውም የጋሽ ሸምሱ ነበር። የኔ ሒሳብ ስህተት ነበር፤ ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው።»

«የቱ ሳጥን?» አለኝ።

«ድምፁን ወደኸው፣ ማን ሠራው ያልከኝ። አናጢው አይሰማም ያልኩህ።»

ሊያስታውስ ሞከረ። ከልቡ ነው የሞከረው፤ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ላይ አየ። «በዚያ ዓመት ስንት ሠርግ ሠራን መሰለህ… አናጢ? የሮቤ?» ራሱን ነቀነቀ። «አልመጣልኝም፣ መምህር። ደህና ናቸው ሰውየው?»

«ሞቱ።»

«አላህ ይዘንላቸው።» ወደ ጫኞቹ ዞሮ፣ «ቀስ! እግሩን ትሰብረዋለህ!» ብሎ ጮኸና ተመለሰ። «እና አሁን ምን ልርዳህ?»

«ምንም። እስክጨርስ ስማኝ ብቻ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ቆመ። ከተሰበሰቡት ወንበሮች አንዱን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ ከወራቤ በወጣትነታቸው ሮቤ መጥተው አናጢ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሬ ስለ ጋሽ ሸምሱ ነገርኩት። መሀል ላይ ስልኩ ጠራ፤ አንስቶ አወራ፤ ጠበቅኩት። ሲዘጋ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።